ሳተላይቱ ያላየው በሬ

ሶቭየት ከፈረሰ በኋላ እንኳ ቀዝቃዛውን ጦርነት ያላቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለኝ፤ ከሚሴ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት የማይጠፋው ጎረቤቴ ሰይድ። ሬዲዮውን አቅፎ የሞስኮን ሚሳኤል ከዋሽንግተን ሚሳኤል ሲያጋጥም ይውላል፤ የእኛም ሻይ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን «ሳተላይታቸው እኮ መሬት ላይ የወደቀች የክብሪት እንጨት ከሰማይ ሆኖ ያያል» አለን።

ከጨፋ የመጡ ሼህ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ ይህን ሰምተው፣ «ሰይዶ፣ እንግዲያ በሬዬ የት እንዳለ ጠይቅልኝ። ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶብኛል» አሉት።

የኃያላኑ ክብር ተነካ። ሬዲዮውን እኔን አስይዞ ወጣ። ወሬ መጠየቅ እንደሆነ ልማዱ ነው፤ እስከ ጨፋ ሮቢት ድረስ ያገኘውን ገበያተኛ ሁሉ እያስቆመ ስለ በሬው ጠየቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከቦርከና ረግረግ ያወጣውን በሬ እየጎተተ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ።

ሼህ ሙሄ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «ገለቶሚ፣ ተባረክ ልጄ። ለእነዚያ ለሁለቱ መንግሥታትም አላህ እንዳንተ ያለ ጎረቤት ይስጣቸው።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። እኔም ሬዲዮውን አጠፋሁና አሚን አልኩ።