ጋሽ ካሣዬ እና ቀዩ ክዳን

አዲስ ዕቃ በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ጠባቂ መልአክ አይጠፋም። የሪሞቱ ላስቲክ እንዳይወልቅ የሚቆጣው፣ ሶፋው ላይ ከነፕላስቲኩ የሚያስቀምጠን፣ የፍሪጁን ካርቶን ለልጅ ልጅ የሚያቆየው እሱ ነው። እናንተም ቤት አለ፤ አትካዱ። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ክቡር አቶ ካሣዬ አሉ።

ጋሽ ካሣዬ አሶሳ ውስጥ ያለችው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያችን ቴክኒሻንም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊም ናቸው። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ሰው ውስጥ ተጣልተው ይኖራሉ። ቴክኒሻኑ ዕቃውን ሊሠራበት ይጠይቃል፣ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም። የስቱዲዮው ሰዓት ከነላስቲኩ ከተሰቀለ አምስት ዓመቱ ነው። ላስቲኩ አቧራ ስለጠጣ ሰዓት የምናየው ከስልካችን ነው። “ዕቃ ሙሽራ ነው፣ አይቸኮልበትም” ይላሉ። ይህን ብለው ሲያበቁ ደግሞ፣ “ካርቶኑን እንዳትጥሉ።”

ከሦስት ሳምንት በፊት መከራ መጣብን። ልክ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሥርጭታችን ላይ “ዥዥዥ” የሚል ድምፅ ይገባል። ሰዓቱ ሙዳሲር በበርታ ቋንቋ ፕሮግራሙን የሚያቀርብበት ነው። ግማሹ ከተማ የሚሰማው ሙዳሲርን ሳይሆን ዥዥታውን ሆነ። “እናቴ በየማታው ትደውላለች” አለኝ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ፤ “ጉሮሮህ አልዳነም ወይ ትለኛለች።” ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሔለን የዥዥታው ምንጭ እስከ ዓርብ ካልተገኘ ፕሮግራሙ እንደሚቋረጥ ነገሩት።

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መድኃኒቱ መጣ። የእጅ ስፔክትረም አናላይዘር ይሉታል፤ አየር ላይ የሚመላለሰውን የሬዲዮ ሞገድ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ተራራ ተራራ አድርጎ ያሳያል። የሚረብሸንን ተራራ ካገኘን በአንቴናው እየተከተልን ጓዳው ድረስ መግባት ነው። በደስታ የምንሆነውን አጣን። ሁላችንም ካርቶኑን ከበብን።

ጋሽ ካሣዬ ግን የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ሳይቆረጥ ማን ነክቶት። ተቆረጠ። ከዚያ ካርቶኑን በምላጭ፣ እንደ ሐኪም ተጠንቅቀው ከፈቱ። ባትሪው ከመጀመሪያው ሥራ በፊት አራት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ ይላል መመሪያው፤ እሳቸው ለመተማመኛ ሁለት ጨመሩ። በአምስተኛው ሰዓት መብራት ሄደ። ሲመጣ ከዜሮ ጀመሩ። ረቡዕ ማሽኑ ቀን ሙሉልኝ ሲላቸው በእኛው አቆጣጠር ሞሉለት፤ ፋብሪካው ሳይሠራው በፊት አሶሳ ገብቶ ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

ሐሙስ አንቴናው ታሰረ፣ ማሽኑ በራ። እኛም ተጠጋግተን አየን። ስክሪኑ ሜዳ ነው። ምንም ተራራ የለም። የራሳችን ማሰራጫ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ እሱንም አላየውም። ወይዘሮ ሔለን ተበላሽቶ ነው የመጣው፣ ነገውኑ ይመለስ አሉ። “ካርቶኑ በክብር አለ” አሉ ጋሽ ካሣዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደስታ አልነበረውም።

ሙዳሲር ማሽኑን አገላብጦ አየው። አናቱ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። አንዱ ክፍት ስለነበር አንቴናው እዚያ ታስሯል። ሌላው ላይ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን አለ።

“ጋሼ፣ ይሄ ቀዩ ለምን አልወጣም?”

“አቧራ ይገባዋል፤ ከፋብሪካው ነው የተከደነው።”

ጋሽ ካሣዬ መመሪያውን ገለጡ፤ ሥዕሉን አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ። ከዚያ በገዛ እጃቸው፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ክዳኑን አወጡትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። አንቴናውን ወደዚያ አዛወሩ። የጣቢያችን ተራራ ከስክሪኑ ወለል ተነሥቶ ጣሪያው ድረስ ቆመ። እኔ አጨበጨብኩ። ወይዘሮ ሔለን ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙዳሲር ስቱዲዮ ገባ፤ ጋሽ ካሣዬና እኔ ባጃጅ ያዝን። የባጃጁ ሬዲዮ ዥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ከተራራችን አጠገብ አንድ የሚንቀጠቀጥ ጉብታ አለ፤ አንቴናውን ወደ ገበያው ሲያዞሩት ይወፍራል፣ ወደ ኤርፖርቱ ሲያዞሩት ይከሳል። ወደ ገበያው መንገድ ስንገባ የአሶሳ ዝናብ ወረደብን፤ ባጃጁ በአራቱም ማዕዘን ያፈሳል። አለቀልን፣ ማሽኑ በሰበሰ ስል ጋሽ ካሣዬ ከኮታቸው ውስጥ አንድ የታጠፈ ነገር አወጡ። ማሽኑ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ ነው። አለበሱት። ስክሪኑ በላስቲኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እሳቸው ራሳቸው እንደ ዶሮ በስብሰዋል።

ጉብታው ኤጀታ የሚባል ልጅ ጁስ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ስክሪኑን ሞላው። ኤጀታ በቅርቡ የጁስ ቤቱ ታፔላ ላይ የሚሯሯጥ የቀለም መብራት ሰቅሏል፤ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ያበራዋል። እስቲ አንዴ አጥፋው አልነው። አጠፋው። ዥዥታው ጠፋና የሙዳሲር ድምፅ ከባጃጁ ወጣ፤ ሰላምታ እያቀረበ ነበር። የሚለውን በቅጡ አልሰማሁትም፣ ግን ዕንባዬ መጣ።

ኤጀታ ቅን ልጅ ነው፤ መብራቱን ለሻጩ እመልሳለሁ አለ። ካርቶኑን ግን ጥሎታል።

“ጣልከው?” አሉት ጋሽ ካሣዬ፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው።

የሙዳሲር እናት በማግስቱ ደውለው ልጃቸው በመዳኑ አላህን አመሰገኑ። ሙዳሲርም ከገበያ ጥሩ ጥቁር ጃንጥላ ገዝቶ ለጋሽ ካሣዬ ሰጠ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ዝናቡ ዶፍ ነው። ጋሽ ካሣዬ ከፊቴ ይሄዳሉ፣ ውኃው ከባርኔጣቸው ይወርዳል፤ ጃንጥላው ከነላስቲኩ ብብታቸው ሥር ነው። ሮጬ ደረስኩባቸውና የእኔን አሮጌ ጃንጥላ ዘረጋሁላቸው። አንድ ሽቦው ስለተሰበረ ግማሽ ትከሻዬ ረጠበ፤ ያችን ላስቲክ ግን ጠብታ እንዳይነካት እኔው ራሴ ወደ መሀል ሳብኳት።