ዶክተር ይጣራ እና የእህቴ ጭንቅላት

ስለ ዶክተር ይጣራ የሚወራው ሚስታቸው «እወድሃለሁ» ብትላቸው «በምን ታወቀ?» ብለው ትዳራቸውን አፈረሱ እየተባለ ነው። ሐሰት! ሚስታቸው ዛሬም አብራቸው ናት። «በምን ታወቀ?» ማለታቸው ግን እውነት ነው።

የተባለውን ሁሉ የሚጠራጠር አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ክቡርነታቸው ግን ይብሳሉ፤ ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ቢከፈት አንገታቸውን አውጥተው ሳያጣሩ አይወርዱም።

ታናሽ እህቴ ልብስ ስትተኩስ ተንዘፍዝፋ ወደቀች። የጭንቅላቷ ፊልም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም ተበትኗል። የመጀመሪያው ሐኪም ገና እንዳየው «ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል» አለ። እናቴ እዚያው ለቅሶ ጀመረች።

አብሮን ከሚኖረው አጎታችን ጋር ሆነን ዶክተር ይጣራ ዘንድ ወሰድናት። «ካንሰር መሆኑ በምን ታወቀ? ናሙና ተወሰደ?»

«አልተወሰደም» አለ አጎታችን።

«እንግዲያው ይጣራ! ቲቢም፣ የትል እጭም እንዲህ ያደርጋል።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ድመት አላችሁ? ሰላጣ በምን ውሃ ታጥባላችሁ? እኔማ ምንም ሳላጠፋ ላብ በላብ ሆንኩ። የሚመልሰው ግን አጎታችን ብቻ ነው፤ እሱ ባለበት ማን ደፍሮ ይናገራል?

«ቤት ውስጥ የሚያስል አለ?»

«እኛ ቤት? በጭራሽ!»

«ጋሼ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁኝ።»

«አንተ ዶክተር ነህ ወይስ ፖሊስ?»

«ፖሊስማ አንድ ጥፋተኛ ሲያገኝ ያርፋል።»

አጎቴ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ እህቴ ተነፈሰች፤ «አጎቴ ማሳል ከጀመረ ቆይቷል። እሱ አቧራ ነው ስለሚል እኛም አቧራ ነው እንላለን።»

የአጎቴ አክታ ተመረመረ፤ ቲቢ። እኛ አለቀ ስንል እሳቸው «ይሄ የእሳቸው ነው፤ የእሷስ በምን ታወቀ?» አሉ። አንገቷን ሲዳብሱ ማንም ልብ ያላላትን እብጠት አገኙ፤ በመርፌ አስቀዱና አስመረመሩ። እሱም ቲቢ ሆነ።

ከወራት ክኒን በኋላ በአዲሱ ፊልም ላይ ነጠብጣቡ ሟሽሿል። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አጎቴ እንኳ «ዕድሜ ይስጥህ» አለ። እኔም ብታምኑኝ፣ እኚያን ነዝናዛ ሰው አቅፌ ልስማቸው ዳድቶኝ ነበር።

እሳቸው ግን አሮጌውን ፊልም ከአዲሱ ጎን ሰቅለው አፍጥጠውበታል።

«እኔም መጀመሪያ ሳየው ካንሰር ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ራሴን አምኜው ቢሆንስ?»