የሄለን አባት የገፏት ፔጆ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። እዚህ ጥላው ጋ ኑ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጣችኋል። ሚያዝያ ነው፤ ድሬ ላይ ሚያዝያ ማለት ፀሐይዋ ከሰማይ ወርዳ ጣራችን ላይ የተቀመጠችበት ወር ነው። ፋሲካ አልፏል፣ ጾሙ ተፈቷል፣ ድንኳን ተካዩም ዘፋኙም ዕረፍት የሚያጣበት የሰርግ ሰሞን ገብቷል። እኔ ደግሞ ሰርግ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ሙሽራ አይደለችም። ፔጆ ናት።

የዛሬ መኪና አንዳንዴ ያሳዝነኛል። ጌታው አንድ ነገር ይጫናል፣ እሱ ዝም ብሎ ይነሳል፣ መስታወቱ ተዘግቶ እልም ይላል። ማንንም አያስቸግርም፤ ማንንም አያስተዋውቅም። ድሮ ድሬ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ፔጆ ታክሲ ገፍቶ የማያውቅ ሰው የከተማው ልጅ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ባለቤቴ ታዬ እንዲህ ያለችውን ፔጆ ዕድሜውን ሙሉ ነዳት። የመስታወት መዞሪያዋ አንድ ብቻ ስለሆነ ተሳፋሪው እየተቀባበለ ነው የሚከፍተው። ስትነሳ ደግሞ በግፊ ነው፤ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ መንገደኛ ይጨመራል፣ ይገፋል። አንዴ ከተነሳች አትቆምም፤ ከቆመች ትጠፋለቻ። ስለዚህ የገፋው ሁሉ እየሮጠ በተከፈተው በር ዘሎ ይገባል። የገፋ ይገባል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ቀበሌ ግን አይደለም።

ታዬ ታዲያ መኪናዋን የሚያቆማት ቁልቁለት ላይ ብቻ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወዳጆቻችንን እንኳን የመረጠልን ቁልቁለት ነው። ሜዳ ላይ ቤት የሠራ ሰው፣ ይቅር ይበለንና፣ ለዓመት በዓልም አልጠየቅነውም።

ነገሩ የሆነው ያቻምና፣ ልክ በዚህ ሰሞን ነው። የልጅ ልጄ ናሆም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን ይጠግናል። እዚያው የምትሠራ ሄለን የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ግርማ ጉምሩክ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ሻንጣ ከፍተው የሚያዩ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ሄለንን ሰኞ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ሊልኳት ትኬት ቆርጠውላታል፤ አክስትየዋ ደግሞ እዚያ ሌላ ባል አዘጋጅታ ትጠብቃታለች ይባላል። ሽማግሌ የሚላከው እንግዲህ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ካልተሳካ ናሆሜ ሌላ ሰው አግብታ ሊያያት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው ተናጋሪ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተስፋዬ፤ ሁለተኛው ታይዋን ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር፤ ሦስተኛው የኔው ታዬ፣ የልጁ አያት ስለሆነ ብዙ የማይናገር፣ ግን መኪና የሚነዳ። ናሆም «ደህና መኪና ልከራይላችሁ» ብሎ ነበር፤ ታዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፈው። «በባጃጅስ?» ሲል ደግሞ ጋሽ ተስፋዬ፣ «ሽማግሌ ከባጃጅ ሲወርድ ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ነው የሚመስለው» አሉና ነገሩ ተዘጋ።

እኔስ ምን ልሠራ ሄድኩ ትሉኝ ይሆናል። ያስኬደኝ የኋላው የግራ በር ነው። እሱ በር ከውስጥ ካልተያዘ አይዘጋም፤ አያያዙን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ነጠላዬን ተከናንቤ በሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

የነአቶ ግርማ ቤት ከዚራ ነው። ከዚራን ታውቁታላችሁ፤ ዛፉ ደስ ይላል፣ ጥላው ደስ ይላል፣ ቁልቁለት የሚባል ግን ለመድኃኒት የለም። ታዬ ሰፈሩን ደጋግሞ ዞረና ተስፋ ሲቆርጥ ደጃቸው ላይ ሞተሯን ሳያጠፋ አቆማት። «እንዳትጠፋ እያት» አለኝ። «ምን ላድርጋት?» «አናግሪያት።»

አናገርኳት። ስለ ናሆም ነገርኳት፣ ስለ ሄለን ነገርኳት፣ አሁን እንዳታዋርጂን እያልኩ ለመንኳት። ሽማግሌዎቹ ግን ቆዩ። ፔጆዋ መጀመሪያ ሳለች፣ ቀጥላ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ዝም።

ወዲያው እነሱም ወጡ። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን መመለሱ ያለ ነው፤ ሌላ ቀን ተቀጥሮ ይመለሳል። አቶ ግርማ ግን ቀጠሮም አልሰጡ፤ «ልጅቷ ሰኞ መንገደኛ ናት» ብለው አሰናበቷቸው። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት እህል ውሃ አይቀምስም። በዚያ ሙቀት አፋቸው ደርቆ መጥተው፣ አፋቸው ደርቆ ወጡ።

ታዬ ቁልፉን አዞረ። ክርር አለች፣ ዝም። ደገመ። ዝም። አቶ ግርማ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ እንግዳ ከዓይን ሳይርቅ ጀርባ ሰጥቶ መግባት ነውር ነዋ። እኛ ደግሞ አንርቅም።

«ግቡና ጥላ ውስጥ ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ ሲጨንቃቸው።

«እሺ ያላለን ቤት አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

«ውሃ እንኳን ላስመጣላችሁ።»

«ውሃውንም ነገሩ ሲያልቅ ነው የምንጠጣው።»

ሐጂ ዑመር ላባቸውን እየጠረጉ፣ «አቦ ተስፋዬ፣ ውሃው ምን በደለ?» አሉ ቀስ ብለው።

መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ጋሽ ተስፋዬ ዋና ሽማግሌ አይገፋም ብለው ጋቢና እንደተቀመጡ ቀሩ። ሐጂ ዑመር ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ከኋላ ቆሙ። አቶ ግርማ ወዲያ ወዲህ አዩ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ ለሚስታቸው ለወይዘሮ አልማዝ ሰጡ፣ ገፉ። አልተንቀሳቀሰችም። ይኼኔ ሄለን ከግቢ ወጣችና አባቷ አጠገብ ትከሻዋን ሰጠች። አስቡት፤ ልጅቷ ሊጠይቋት የመጡትን ሽማግሌዎች ከደጇ ገፍታ ልትሸኝ ነው። በኋላው መስታወት አየኋት፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ትገፋለች። አንድ ባለባጃጅ በአጠገባችን ሲያልፍ ቀዝቀዝ ብሎ፣ «ጋሽ ግርማ፣ ሽማግሌ በእጅ ተገፍቶ ሲባረር ገና ዛሬ አየሁ» ብሏቸው ሄደ። አቶ ግርማ ይህን ሲሰሙ፣ በኀፍረት ነው መሰል፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ገፏት።

ተነሳች!

ታዬ እንደ ወጣትነቱ «ግቡ፣ ግቡ፣ ግቡ» ማለት ጀመረ። ሐጂ ዑመር በቀኝ ዘለው ገቡ። እኔም እጄ ለምዶበት በሬን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ማን አጠገቤ ቁጭ ቢል ጥሩ ነው? አቶ ግርማ፣ ነጠላዬን ረግጠው። የድሬ ልጅ አይደሉ፤ እግራቸው ሕጉን ከራሳቸው ቀድሞ አስታወሰ።

«አቁም እንጂ» አሉ ሲነቁ።

«አይቆምም» አለ ታዬ። «ከቆመች ደግመው ሊገፉ ነው።»

«የት ልትወስዱኝ ነው?»

«ቁልቁለት።»

ዞር ብዬ ሳይ ሄለንና እናቷ ኮቱን ይዘው አስፋልቱ መሐል ቆመዋል። ልጅ ጠለፉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ አባት የጠለፉ ሽማግሌዎች ግን የኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን፣ ገበያውን አቋረጥን፣ ታዬ ክላክሱን ይነፋል፣ ሰው ሙሽራ መስሎት እልል ይልልናል። አቶ ግርማ በሙቀቱ ተቃጠሉና መስታወት ይከፈትልኝ አሉ። ሐጂ ዑመር መዞሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው አቀበሏቸው። ያኔ ሳቁ። እኒያ ሰው መሳቅ ይችላሉ።

«አልማዝን መጀመሪያ ያየኋት እንዲህ ያለች ታክሲ ስንገፋ ነው» አሉ፣ መዞሪያውን እያገላበጡ።

«ነጂው እኔ ነበርኩ» አለ ታዬ። አትመኑት፤ በድሬ የተመሠረተ ትዳር ሁሉ እሱ መኪና ውስጥ የተጀመረ ነው የሚመስለው።

ሐረር መውጫው ላይ አቀበቱን ወጣንና አፍንጫዋን ወደ ከተማው አዙረን ዛፍ ሥር አቆምናት። አንዲት ሴት በረዶ ውስጥ ውሃ ትሸጣለች። አቶ ግርማ ገዝተው፣ ክዳኑን ከፍተው ለጋሽ ተስፋዬ ዘረጉ። ጋሽ ተስፋዬ እጃቸውን አልሰነዘሩም። ለሐጂ ዘረጉ። ሐጂም ውሃውን በዓይናቸው ጠጡት እንጂ አልነኩትም።

«አቦ ግርማ፣ ወላሂ ጉሮሮዬ ተሰንጥቋል። ወይ ልጅቷን ስጠን፣ ወይ እዚሁ ቅበረን።»

አቶ ግርማ ፊታቸውን አዞሩ። ከተማውን ቁልቁል አዩ። ታዬ መሪውን ጨብጧል።

«እያለቀሰች ነው የገፋችው» አሉ ኋላ፣ ለማንም ሳይሆን። «አጠገቤ ሆና። ተው አባባ አላለችኝም፣ ምንም አላለችኝም። ገፋች።»

ውሃውን መልሰው ጋሽ ተስፋዬ እጅ ላይ አስቀመጡ።

«ጠጡ» አሉ።

ጋሽ ተስፋዬ ተነሥተው መረቁ፣ ሐጂ ዑመር አሜን ሳይሉ ውሃውን ተቀብለው ጨረሱት።

የሰኞው ትኬት ተመለሰ፣ ግንቦት ላይ ተሰረገ። ሄለን በፔጆዋ አልሄደችም፤ «እማማ፣ እወዳታለሁ፣ ግን በቬሎ አልገፋም» አለችኝና በኪራይ መኪና ተሞሸረች። እውነቷን ነው። አሁን ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ባለፈው ጥቅምት ሴት ልጅ ወለዱ፤ እነሱ ሥራ ሲውሉ ሕፃኗን ወይዘሮ አልማዝ ይይዛሉ። አክስትየዋ ትንሽ ተቀይማ ነበር፤ ለክርስትናው መጣች። ሐጂ ዑመር ሱቁን ለልጃቸው ትተው ቢዮ አዋሌ ገጠር ገብተው ፍየል ያረባሉ። ጋሽ ተስፋዬ አሁንም የዕድር ዳኛ ናቸው። ታዬ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት ትቷል። ፔጆዋን አንድ መካኒክ ለመለዋወጫ ወሰዳት፤ የወሰዳት ዕለት አቶ ግርማ መጥተው ከታዬ ጋር እስኪመሽ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ነው እንጂ።