የፈጠነች ዳጣና ሠላሳው ደቂቃ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት የጨዋ ልማድ ነውና፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ከትሕትናው ብዛት የሚያፍር አንድ ጽሕፈት ቤት እንደነበረ እንመስክር። ዘመኑ የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ቢፒአር አጥንቶ፣ ካይዘን ሠልጥኖ፣ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ሲያበቃ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ «አዲስ የንግድ ምዝገባ፣ በ30 ደቂቃ።» ሠላሳው ደቂቃ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ሰሌዳው አልገለጸም። ሁሉንም ነገር ከሰሌዳ መጠበቅም ጥገኝነት ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ ወደዚህ ሰሌዳ የመጣችው ፈጠነች፣ ዳጣ የሚባለውን የቁርጥ ማባያ ትሠራለች። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር በድንጋይ ስትፈጭ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ያለቻትን አንዲት ጊደር ሸጣ መቶ ሃያ ባለክዳን ጠርሙስ ገዛች፤ ከስልጤዋ ባለሱቅ ከናጂያም የሱቅ ጥግ ተከራየች። ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ለጊፋታ መድረስ። በወላይታ ዘመን መለወጫ በየሰፈሩ በሬ ይታረዳል፣ ቁርጡም ያለ ዳጣ አይነካም። ከጊፋታ በኋላ ዳጣ ይዞ መቅረብ በሠርግ ማግስት ሚዜ መምረጥ ነው። ጊደሯም አትመለስም።

የምዝገባ ባለሙያው ኤርካሎ ጉርድ ፎቶዋንና የኪራይ ውሏን ተቀብሎ፣ አሻራዋን አስነሥቶ፣ ከላይ የወረደውን ወፍራም የኮድ መጽሐፍ ገለጠ።

«ዳቦ አለ። ዳንቴል አለ። ዳጣ የለም።»

«እንዴት ይጠፋል ወንድሜ? ትናንት ሥጋውን በምን በላህ?»

«በዳጣ ነዋ። ግን ኮድ የለውም።»

«ታዲያ ቅመም ብለህ አስገባው።»

«ቅመም ደረቅ ነው ይላል። ይሄ እርጥብ ነው።»

«ምግብ በለው።»

«ምግብ ማለት ለብቻው የሚበላ ነው። ዳጣ ለብቻው የሚበላ ሰው ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደኛ አይመጣም። እህቴ፣ ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ኮሚቴ ይየው።»

ኮሚቴው ኤርካሎን ጨምሮ አምስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ አንድን ጉዳይ ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ንግግር አዋርደው አያውቁም።

«ይህ የዳጣ ጉዳይ ብቻ አይደለም!» አሉ። «የመልካም አስተዳደር ጉዳይ ነው! ባልቀመስነው ነገር ላይ ብንወስን ሕዝብ ምን ይለናል?» ተጨበጨበ።

ዳጣ ደግሞ በባዶው አይቀመስም፤ ነውር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከኪራይ ሰብሳቢነት የጸዳ በመሆኑ አባላቱ ሥጋውን ከየኪሳቸው አዋጥተው ገዙ። ከባለጉዳይዋ የወሰዱት ዳጣውን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱን በስብሰባ ለመቅመስ፣ አንዱን ቤት ወስዶ በረጋ መንፈስ ለመመርመር።

ሰኞ ግምገማ አለ። ረቡዕና ዓርብ ሰብሳቢው ይጾማሉ። ስለዚህ ማክሰኞ ተቀምሶ አስተያየት ሲለያይ ሐሙስ ይደገማል። ስድስት ጊዜ ተቀምሶ ጭብጡ ሊጨበጥ ሲል ፍልሰታ ገባ፣ ጉዳዩም እስኪፈሰክ አደረ። ፈጠነች በየማለዳው እየመጣች ከሰሌዳው ሥር ትቀመጥ ነበር። ቀልዱን ለጊዜው እንተወውና፣ ታሳዝን ነበር።

ጾሙ ተፈትቶ ቃለ ጉባኤው እስኪተየብ መስከረም ተጋመሰ፤ ያኔ ውሳኔው ወጣ፦ «የቀረበው ነገር ዳጣ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ኮዱም «ሌሎች፣ ያልተጠቀሱ» የሚለው ሆነ። ይህ ኮድ ድሮም መጽሐፉ ውስጥ ነበረ፤ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለነበረ እስከዚያ ድረስ የገለጠ አልነበረም።

ፈጠነች ፈቃዷን ይዛ እልል ልትል ስትል ኤርካሎ ሌላ ቅጽ ዘረጋላት።

«የቀን ገቢ ግምትሽ ነው። በቀን አሥር ጠርሙስ ትሸጫለሽ።»

«ሱቄን መች ከፈትኩና? ማነው የገመተኝ?»

«ኮሚቴው ራሱ። በቀን አሥር ሲወጣ በዓይኑ አይቷል።»

«የበላችሁት እኮ ነው!»

«እህቴ፣ ቅጹ ላይ ‹የተሸጠ› የሚል አምድ ነው ያለው። ‹የተበላ› የሚል የለም።»

ፈጠነች ቅጹን ይዛ ወደ ናጂያ ሱቅ ሄደች። ናጂያ ከአያቷ ጀምሮ ነጋዴ ናት፤ ከግብር ቅጽ ጋር አብራ ነው ያደገችው። ግምቱን አንብባ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አትከራከሪ፣ የኔ እህት። ተቀበዪው። ሸጠሻል ካሉሽ የገዛ ሰው አለ ማለት ነው። የገዢዎቹን ስም ዘርዝረሽ አስገቢ።»

ፈጠነች በሦስት ቅጂ ጻፈች። ግምቱን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ስድሳ ጠርሙስ ዳጣ ስማቸው ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት አምስት የኮሚቴ አባላት ሸጫለሁ፤ ገንዘቡ ስላልተከፈለኝ ይከፈለኝ። ግልባጭ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል።

ኮሚቴው በዚያው ከሰዓት ተሰበሰበ፤ ሳይቀምስ የተሰበሰበው ያን ቀን ብቻ ነው። ምንም እንዳልተሸጠ፣ ግምቱም ዜሮ እንደሆነ ወሰነ። ፈጠነች «ተመስገን ጌታ!» አለች። ይሁን እንጂ ውሳኔው ተራ ቁጥር ሁለትም ነበረው፦ ሽያጯ ዜሮ የሆነ ነጋዴ ሥራ አልጀመረችምና ፈቃዷ ተሰርዟል፤ እንደ አዲስ ትመዝገብ፤ ናሙናም ታቅርብ።

ከሰሌዳው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለጊፋታ የቀረው አራት ቀን ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ የተረፉትን ስድሳ ጠርሙሶች በናጂያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ደርድራ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለጠየቃት ሁሉ «ይታያል እንጂ አይሸጥም» ትላለች።

የጊፋታው እሑድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮሚቴውን በሙሉ አስከትለው መጡ።

«ሳሮ፣ ሰላም ነሽ ፈጠነች! አምስት ጠርሙስ ስጪን። ባለቤቴ ያንን የምርመራውን ዳጣ ካላመጣህ አትግባ ብላኛለች።»

«አልሸጥም ጋሼ። ፈቃድ የለኝም። ያለ ፈቃድ መሸጥ ያስጠይቃል። መሰረዙንም እርስዎ ነዎት የፈረሙት።»

«እሺ፣ ለናሙና እንኳ...»

«ናሙና የሚቀርበው ለኮሚቴ ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ይጾማሉ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኤርካሎን አዩት፤ ኤርካሎ ሰዓቱን አየ። ሁለቱ በባጃጅ ሲበሩ የቀሩት ሦስቱ ወረፋ ያዙ። በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ አዲስ ፈቃድ ተፈርሞ፣ ቲተርና ማኅተም ተመትቶበት ፈጠነች እጅ ገባ። የተረፉት ሦስት ደቂቃዎች የካይዘን ውጤት ተብለው ለበላይ አካል ሪፖርት ተደረጉ።

ፈጠነች ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፣ አቃናችው፣ ራቅ ብላ አየችው። ከዚያ አምስት ጠርሙስ አወረደች።

«ስንት ነው?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቦርሳቸውን እያወጡ።

ፈጠነች ፊታቸውን፣ ቦርሳቸውን፣ በመጨረሻም የሆዳቸውን ስፋት በጥሞና መረመረች።

«በግምት ነው» አለችና በቁራጭ ወረቀት ላይ የስድሳ አምስት ጠርሙስ ዋጋ ጽፋ ሰጠቻቸው።

«ኧረ ይሄማ በዛ!»

«ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ጋሼ። በሦስት ቅጂ።»