ሁለት ደመወዝ በአንድ ድስት

ባል ከሚስቱ የሚደብቀው ውሽማ ብቻ ከመሰለሽ፣ እህቴ፣ ተሳስተሻል! ወንድ ልጅ አጥብቆ የሚደብቀው ደመወዙን ነው። የእኔው በላቸው ስንት ዓመት ደበቀኝ... ያውም ጎን ለጎን እየሠራን!

የካ፣ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ግዢ ክፍል ውስጥ ነን። የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው፤ እኔ ሲሚንቶ ስገዛ እሱ ብረት ይገዛል። የተጋባነውም እዚያው ተዋውቀን ነው። በመሥሪያ ቤታችን ለቅሶ ሲደርስ ሁሉም ከደመወዙ ሁለት በመቶ ያዋጣል። የሁለታችንንም የሚከፍለው ሁልጊዜ በላቸው ነበር። «ባል እያለሽ ቦርሳ ትከፍቻለሽ?» ሲለኝ፣ ሞኟ እኔ፣ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

በቀደም የባልደረባችን አባት አርፈው በሰርቪስ ወደ አያት ለቅሶ ስንሄድ፣ ጌታው ቦርሳውን ረሳ። «የእኔንም ክፈይልኝ» ብሎኝ እንቅልፉን ለጠጠ። መዋጮ ሰብሳቢዋ ጽጌ መጣች።

«ያንቺ ሦስት መቶ፣ የእሱ አራት መቶ ሃያ።»

«ተሳስተሻል ጽጌ፣ እኩል ነን እኮ!»

«ኧረ እኔ የለሁበትም!» ብላ ወደ ኋላ ወንበር ሸሸች። በላቸው ነቅቷል፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። ለቅሶ ቤት እንደ እኔ ያለቀሰ አልነበረም። ቤተ ዘመዱ «ሟችን ይህን ያህል ትወዳቸው ነበር እንዴ?» እያለ ተገረመ።

ወደ ቤታችን ቀበና ስንመለስ በላቸው «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ዝም? እኔ?! በነጋታው እየጎተትኩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዤው ገባሁ።

«አንድ ሥራ እየሠራን ደመወዛችን ለምን ተለያየ?»

«እሱ እኮ ኃላፊነት አለበት፤ ሚስት ያስተዳድራል!»

«ጌታዬ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ! ሠርጋችን ላይ ጨፍረዋል እኮ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምን ከፋሽ? ገንዘቡ ያው አንድ ቤት ነው የሚገባው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ!»

በላቸው፣ የኔ ጉድ፣ ራሱን ነቅንቆ ደገፋቸው። በገንኩ!

«እሺ፣ አንድ ቤት ከገባማ የእሱን ለእኔ፣ የእኔን ለእሱ አድርጉልን። እናንተም አትጨምሩ፣ ቤታችንም አይጎድልበት።»

«ይቻላል» አሉ፣ ከእኔ ለመገላገል።

በላቸው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «እንዴት ተደርጎ! ለአንድ ሥራ እኔ ለምን ያነሰ ይከፈለኛል? ይሄ መድልዎ ነው! ሕግ የለም እንዴ በዚህ አገር?!»

እየጮኸ ጠረጴዛ ደበደበ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ወር ጀምሮ የእኔም ወደ እሱ ከፍ ብሎ ደመወዛችን እኩል ሆነ። አንቺም እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ ጠበቃ ለመቅጠር አትቸኩይ... መጀመሪያ ባልሽን ያንቺን ደመወዝ አስቀምሺው!