ሰንበት የሚያከብረው የዱር አህያ

«አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» የሚለው ተረት ለተራ ሰው ነው። ገጀረት ሰፈር፣ ጣሊያን በሠራው ቪላ ውስጥ የነበረው የአራዊት ቢሯችን ግን አህያ እንዲኖረው ከበላይ ታዘዘ፤ ያውም ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበ የደንከል የዱር አህያ። አንገቱ ላይ ታስሮ ያለበትን በራዲዮ የሚናገር ቀበቶም አብሮ ተላከልን።

የተከበሩት ሹማችን አቶ ደጉ ቆላ ለመውረድ ቆርጠው ተነሡ። ወዲያው የደንከል ፀሐይ መሣሪያውን እንዳያበላሽ ሰጉና መልሰው ተቀመጡ። አርቆ ማሰብ እንዲህ ነው! ቧንቧችን ውሃ ባጣ ቁጥር ከጎዳይፍ ሰፈር ውሃ ጭኖ የሚመጣልን የወይዘሮ ለተሚካኤል አህያ በር ላይ ቆሞ ነበርና፣ ቀበቶውን ለእሱ አሰሩለት።

«አህያ ያው አህያ ነው» አሉ። ጸሐፊውን ፍስሃየንም አስጠነቀቁት፦ «ራዲዮው ያለህን ጻፍ፤ ከራስህ አንድ ቃል እንዳትጨምር!»

ፍስሃየ ጻፈ፦ «አውሬው ማለዳ ከጎዳይፍ ወደ ገጀረት ይፈልሳል። እሁድና በሚካኤል ቀን ከቦታው አይነቃነቅም።»

አዲስ አበባ ጉድ ተባለ። የዘውዱ አራዊት እንኳ ሰንበት ያከብራሉ! ለአቶ ደጉ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ እሳቸውም ደጋግመው ሲያነቡት ጊዜ አመኑት። «ይህን ብርቅ አውሬ የጫነ ይታሰራል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ።

ለተሚካኤል እየሮጠች መጣች።

«ጎይታይ፣ ጌታዬ፣ አራት ልጆች የማበላው በእሱ ነው!»

«ስሚ ሴትዮ፣ የዱር እንስሳ አይጫንም።»

«ኣይፋል፣ የዱር አይደለም! ቤቴ ነው የተወለደው! ስሙን ስጠራው ይመጣል!»

«ብልህ መሆኑንማ ጽፈናል።»

አንጀቴን በላችው፤ ነገር ግን እኔም የመንግሥት እንጀራ በላተኛ ነኝና በሩን ከፍቼ ሸኘኋት።

በሦስተኛው ቀን ቢሮው ውስጥ ጠብታ ውሃ ጠፋ። አቶ ደጉ ሻሂ አጡ፣ ፊታቸውንም ሳይታጠቡ ዋሉ። በማግስቱ ለተሚካኤልን አስጠሩና «በይ ጫኚው፤ ቀበቶውን ብቻ ለማንም ሳታሳዪ አምጪ» አሏት። አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ጣለችና «የቐንየለይ» ብላ አመስግና አህያዋን እየነዳች ሄደች። እሳቸውም ቀበቶውን መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ራዲዮው ግን በቀጣዮቹ ወራትም መናገሩን አልተወም። ፍስሃየ የሰማውን ጻፈ፣ አቶ ደጉም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ፦

«የዱር አህያው ሹሙ ክፍል ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል። ከጠረጴዛው ኋላ ንቅንቅ አይልም።»

መልሱ ሳይውል ሳያድር ደረሰን፦ «እጅግ ብርቅ ነው። እዚያው ባለበት ይጠበቅልን።»