ከአዲስ አበባ በእንሴኖ በኩል

ራምዚ የከድሮን ሞት የሰማው እንሴኖ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከአዲስ አበባ እየመጣ ሳለ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል ሰው አስቀድሞ ማኔጀር የሚባለውን ፍጡር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ዘፋኝ ባለበት ከተማ ሁሉ ማኔጀር አለ። ዘፋኝ በሌለበትም አለ፤ እሱ ዘፋኙ እስኪወለድ እየጠበቀ ነው። ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። የቡታጅራው ክቡር ማኔጀር ከድሮ መደበኛ ሥራው ስፖንጅ ፍራሽ መሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቱ ራምዚ ሰርግ ላይ ዘፍኖ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘውና ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ "እንዲህ ለብሰህ ነው የዘፈንከው?" አለው። ሹመቱ በዚሁ ጸደቀ።

ቢሮው ፍራሽ ቤቱ ነበር። ሰርግ ያለበት ሰው ሲመጣ አዲስ ስፖንጅ ላይ እንዲቀመጥ ይጋበዛል። ሰውየው እያወራ ይሰምጣል፤ ከድሮ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል።

"አርቲስቱ አሁን አዲስ አበባ ነው። ልሞክርልህ" ይላል።

አርቲስቱ በዚያ ሰዓት ከጓሮ ፍራሽ እያራገፈ ነው።

የአገር ልጅ አይከበርም፣ ይህ የከድሮ ዋናው ሕግ ነው። "ጠዋት ጨው ሲበደር ያዩትን ሰው ማታ ቆመው አያጨበጭቡለትም" ይላል። ስለዚህ ቡታጅራ ውስጥ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ራምዚ በማለዳ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ እንሴኖ ይላካል። እዚያ ሱፉን ይለብሳል፣ ጥቁር መነጽሩን ያደርጋል፣ ሻይ ይዞ ይቀመጣል። ከድሮ ደውሎ "አሁን ግባ!" ሲለው በኮንትራት መኪና፣ ጡሩንባ እየተነፋ፣ ከአዲስ አበባ ይገባል።

ችግሩ የአዲስ አበባ መንገድ በአንድ በኩል፣ የእንሴኖ በሌላ በኩል መሆኑ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ሸምሶ አንድ ጊዜ በሰው መሃል አላስችል አለው።

"ጋሽ ከድሮ፣ አዲስ አበባ ቦታ ቀየረች እንዴ?"

"በዝዋይ ዞሮ ነው የመጣው። አርቲስት ሰው ሁሉ በሚሄድበት መንገድ አይሄድም።"

"ጠዋት እኮ እኔ ነኝ መናኸሪያ ያደረስኩት!"

"አንተ ባጃጅህን ንዳ!"

ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የሚያፈርሰው ግን የለም። ጨው አበዳሪዋ ጎረቤት ሳሌሃ እንኳ ሰርግ ቤት ስታገኘው እጁን ጨብጣ፣ "አዲስ አበባ እንዴት ሰነበተች? ብርድ ነው አሉ" ትለዋለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" ይላታል ራምዚ።

ከመድረክ ውጪ ያለው ሕግ ደግሞ ከመድረኩ ይብሳል። አርቲስት ሰው ፊት አይበላም፣ አያዛጋም፣ አያለቅስም። ወልቂጤ አንድ ሰርግ ላይ ክትፎው ከነአይቡ፣ ከነቆጮው ሲዞር ዋለ፤ ራምዚ ምራቁን እየዋጠ ዘፈነ። በመጨረሻ ራሱን አዞረውና መድረኩ ላይ ተንበረከከ። ታዳሚው ስሜት መስሎት ቤቱን በእልልታ አቀለጠው። ከድሮ ሮጦ ወጥቶ ደግፎ እያነሳው በጆሮው፣ "ማሻአላህ! ይቺን ቡታጅራም ትደግማታለህ" አለው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቱ የላከችውን ቆጮ ተሸክሞ ከገበያ ሲመለስ አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከድሮ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው ፍራሽ ቤቱን ዘጋ። ወዲያው ግን "የአዲሱ ክሊፕ ቀረጻ ነው" ብሎ አወጀ። ውሸታም እንዳይባል ካሜራ ያለው ሰው ፈልጎ፣ ራምዚን ያንኑ ቆጮ አሸክሞ ዳገቱን ሲያመላልሰው ዋለ። ዘፈኑ እስካሁን የለም። ራምዚ ያን ቀን ሊያሰናብተው ቆርጦ ነበር፤ ግን ያልሾሙትን ሰው በምን አፍ ይሽሩታል?

የመጨረሻው ሰርግ የሰይዶ ልጅ ሰርግ ነበር። እንሴኖ ስልኩ ሲጠራ ራምዚ ኮቱን እያስተካከለ አነሳው። ሳሌሃ ናት።

"ራምዚ፣ የት ነህ?"

አዲስ አበባ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። "እንሴኖ" አለ።

"ከድሮ ፍራሽ ሲያወርድ ወደቀ። ሆስፒታልም አልደረሰ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ቶሎ ና።"

የኮንትራቱን ሹፌር ስልክ የሚያውቀው ከድሮ ብቻ ነው። ራምዚ ከነሱፉ፣ ከነመነጽሩ የሞላ ሚኒባስ ውስጥ ተደረበ፤ የበርበሬ ማዳበሪያ ታቀፈ። ሹፌሩ በየመታጠፊያው ሰው ሊጭን ይቆማል፤ ጸሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች።

"ወንድሜ፣ እባክህ አትቁም። ጀናዛ ሊያመልጠኝ ነው።"

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየው። "አርቲስት ራምዚ አይደለህም? አንተ ከአዲስ አበባ አይደል እንዴ የምትመጣው?"

"አይደለም። የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ጎረቤቴ ነው የሞተው።"

መነጽሩን አወለቀ። እንባው ወረደ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ማዳበሪያውን ከጭኑ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ "ይሄ በርበሬ ዛሬ ሰው ሊፈጅ ነው እኮ!" አሉ። ከኋላ ያለውም ሰው አስነጠሰ፤ እውነቱን ይሁን ለማገዝ አይታወቅም። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ለማንም አልቆመም።

ራምዚ ደረሰ። አስከሬኑ ከመስጊድ ሲወጣ በሱፉ ትከሻ ቃሬዛውን ተቀበለ፤ ኮቱ ከኋላ ተሸበሸበ፣ የሚያስተካክልለት አልነበረም። ከቀብር መልስ የሙሽራው አባት ሰይዶ አቧራውን ከትከሻው እያራገፈለት፣ "ዛሬ ዘፈን የለም፣ ልጄ። ደግሞስ ማን ደውሎ 'ግባ' ይልሃል?" አለው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ለሽያጭ የነበረው ስፖንጅ ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ሳሳ ሲል ራምዚ ወደ ከድሮ ሚስት ጠጋ አለ። ስንት ጊዜ ሊጠይቅ ፈልጎ የተወው ነገር ነበር።

"እትዬ መሕቡባ፣ ድምፄን ይወደው ነበር?"

መሕቡባ ቀና ብላ አየችው።

"እኔም እጠይቀው ነበር። ከሰርግ ሲመለስ 'እንዴት ዘፈነ?' እለዋለሁ። 'ኮቱ ልክ ነበር፣ ሰው ሁሉ ቆመ' ይለኛል። 'ዘፈኑስ?' ስለው፣ 'እኔ መድረኩ ሥር ቆሜ የሰዉን ፊት እያየሁ ነበር፤ ስሙ ይጠራ እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ' ይላል።"

ራምዚ አስታወሰ። ከመድረክ ሆኖ ሲያየው ሁልጊዜ የሚታየው የከድሮ ጀርባ ነበር።

ከድሮ ራምዚ ሲዘፍን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አልሰማውም።